የተቀዳ የክሪፕቶ ወረቀት ማጣሪያ፦ ከቱሉ ዲምቱ የሥራ ማስታወሻ

ጥር 14፣ 2017 ዓ.ም.

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ትንሽ የጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለኝ። ዛሬ ጠዋት አንድ የሰፈሩ ልጅ ፍላሽ ይዞ መጣ። "ወንድሜ፣ 40 ኮፒ፣ ከለር፣ በስፓይራል ተጠርዞ" አለኝ። 22 ገጽ የአማርኛ ፒዲኤፍ ነው። አዲስ ኮይን (የክሪፕቶ ገንዘብ) ሊወጣ ነው፣ ቀድሞ የገባ ሰው በቀን 1.5 በመቶ ያገኛል ይላል። የኮይኑን ዕቅድ የሚያስረዳ ሰነድ መሆኑ ነው፣ እነሱ "ዋይት ፔፐር" ይሉታል።

የናሙና ኮፒ ሳወጣ ገጽ 3 ላይ ዓይኔ ተያዘ። "ዛሬ የዘራ፣ ነገ ሳይሆን ዛሬ ማታ ያጭዳል።" ይቺን ዓረፍተ ነገር አውቃታለሁ። ኅዳር ላይ ሌላ ሰው የሌላ ኮይን ወረቀት 25 ኮፒ አሳትሞ ነበር። እዚያም ላይ ነበረች።

ያኔ አትሜ ብሬን ተቀበልኩ። ከ25ቱ አንዱ እኛው ብሎክ 3ኛ ፎቅ የሚኖሩት እትዬ እጅ ገባ። በርበሬና ሽሮ እያዘጋጁ የሚሸጡ ሴት ናቸው። የእቁባቸውን 30,000 ብር አስገቡበት። ይሄን የሰማሁት ከገና በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር ሆዴን ይበላኛል።

ልጁን "ጥቂት ቀን ስጠኝ፣ አንድ ነገር ላጣራ" አልኩት። ቅር እያለው ሄደ። ሁለቱ ወረቀቶች ምን ያህል አንድ እንደሆኑ በቁጥር ማሳየት እፈልጋለሁ። "ይመስለኛል" ብዬ የሰው ስም ማንሳት አልፈልግም።

ጥር 16

መሣሪያ፦ የሱቁ አሮጌ ላፕቶፕ 4 ጊጋ ራም፣ ስካነር፣ ፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ)። ሌላው ቴሰራክት የሚባለው፣ ከምስል ላይ ፊደል የሚለቅም ነፃ ሶፍትዌር ነው። አማርኛም ያነባል።

የልጁ ፒዲኤፍ አያስቸግርም፣ ጽሑፉ በቀጥታ ይወጣል። የኅዳሩ ግን ፋይሉ የለኝም። የደንበኛ ፋይል በየሳምንቱ አጠፋለሁ። የተረፈኝ ቀለም የተዛነፈበት አንድ ኮፒ ነው። ጀርባውን ለዱቤ ሒሳብ ስጠቀምበት ነበር። ገጽ 4 የለም፣ ተቀዶ ወጥቷል። የቀረው አለ።

በ150 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መለኪያ ነው) ስካን አድርጌ ጀመርኩ። ስህተት ነበር። "ለ"ን "ሰ" እያለ አነበበው። ግማሹ ቃል ትርጉም የለውም። በ300 ዲፒአይ፣ በጥቁርና ነጭ ደገምኩት። በጣም ተሻለ። ከጀርባ ያለው የእስክሪብቶ ጽሑፍ ሾልኮ የሚታይባቸውን 3 ገጾች ከኋላቸው ጥቁር ወረቀት አድርጌ ስካን አደረግኳቸው። ሠራ።

ከሰዓት መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። 11 ገጽ ሳላስቀምጥ ሄደብኝ። ከአሁን በኋላ እያንዳንዱ ገጽ እንዳለቀ ለብቻው ፋይል ይሆናል።

ጥር 19

ማወዳደር ጀመርኩ። መጀመሪያ የወርድን "ኮምፔር" ሞከርኩ። ገጹን በሙሉ ቀይ አደረገው። አንድ አንቀጽ ቦታ ከተቀያየረ እሱ ሁሉንም አዲስ ነው ይላል።

ሁለተኛ ሙከራ፦ ጽሑፉን አምስት አምስት ቃል እያደረጉ መቁረጥ። ከ1 እስከ 5፣ ከ2 እስከ 6፣ ከ3 እስከ 7 እያለ ይሄዳል። ከዚያ ከአዲሱ ወረቀት ቁራጮች ስንቱ አሮጌው ውስጥ እንዳለ መቁጠር። አንቀጽ ቢያፈናቅሉም ቁራጩ ቁራጭ ነው። ፓይተን ላይ 30 መስመር አልሞላም።

ውጤት፦ 31 በመቶ።

አላመንኩም። በዓይኔ እያየሁ ከግማሽ በላይ አንድ ነው። ያልተገጣጠሙትን አውጥቼ አነበብኳቸው። ችግሩ ፊደላችን ነው። አንዱ "ኃላፊነት" ይላል፣ ሌላው "ሀላፊነት"። አንዱ "ዓለም"፣ ሌላው "አለም"። አንዱ በ"።" ይዘጋል፣ ሌላው ሁለት "፡" ደርቦ ይዘጋል። ለሰው አንድ ነው፣ ለኮምፒውተር ግን የተለያየ ቃል ነው። እንግሊዝኛ ላይ የተሠሩት የኩረጃ መፈተሻዎች አማርኛ ላይ የሚያልፋቸው አንዱ ይሄ ይመስለኛል።

ማስተካከያ፦ ከማወዳደሩ በፊት ሐና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መመለስ፣ ከነዘሮቻቸው። "ሀ"ና "ሃ"ም፣ "አ"ና "ዓ"ም አንድ ይሁኑ። ነጥቦቹን በሙሉ ማጥፋት።

ውጤት፦ 78 በመቶ።

የቀረውን 22 በመቶ ቁጭ ብዬ በእጄ አየሁት። ሁለት ነገር አገኘሁ። አንደኛ፣ ገጽ 17 ላይ የድሮው ኮይን ስም እንዳለ ቀርቷል። አሮጌው ወረቀት ላይ ስሙ እዚያች ቦታ አንድ ፊደል ተሳስቶ ነበር የተጻፈው። ስለዚህ "ፈልግና ተካ" ሲሉ አላገኘውም። ስህተቱ ከነስሙ ወደ አዲሱ ተሻገረ።

ሁለተኛው ገጽ 14 ላይ ያለው የክፍፍል ሠንጠረዥ ነው። 40 በመቶ ለሽያጭ፣ 20 ለቡድኑ፣ 15 ለማርኬቲንግ፣ 10 ለመጠባበቂያ፣ 15 ለአጋሮች፣ 5 ለኤርድሮፕ (በነፃ ለሚታደል)። ደምሩት። 105 ነው። አሮጌው ላይ የኤርድሮፕ መስመር የለም፣ ድምሩም 100 ነው። አንድ ረድፍ ጨምረው ሌላውን መቀነስ ረሱ። የሰው ገንዘብ ልንይዝ ነው የሚሉ ሰዎች ናቸው።

ጥር 20

ልጁ መጣ። ሁለቱን ገጽ 17 ጎን ለጎን አስቀመጥኩለት። ዝም አለ። ሠንጠረዡን ራሱ በካልኩሌተር ደመረው። ሁለቴ።

"ብሮ፣ እኔ እኮ አላውቅም ነበር" አለኝ። 8,000 ብር አስገብቷል። ሰው ባመጣ ቁጥር 10 በመቶ ይሰጡታል። ወረቀቱን ሊያድል የነበረው ለእድር ሰዎችና ለእናቱ ጓደኞች ነው። አልዋሸኝም፣ ፊቱ ያስታውቃል።

ኮፒውን አላሳተመም። ከ8,800 ብር በላይ ሥራ ነበር። የሱቅ ኪራይ ቀን ቀርቧል፣ ግን አልቆጨኝም።

ጥር 27

ሥራውን ላሰፋው ነው። ሁለት ወረቀት ማወዳደር አይበቃም። ይሄኛውም ሆነ አሮጌው ከሌላ ቦታ የተቀዳ ሊሆን ይችላል። የታወቁና ያልታወቁ 60 የእንግሊዝኛ ዋይት ፔፐሮች አወረድኩ። የመጀመሪያው የቢትኮይን ነው፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31፣ 2008 የወጣው። 9 ገጽ ብቻ ነው። በቀን ይሄን ያህል ታገኛለህ የሚል አንድ መስመር የለውም።

የዳታ ጥቅል 450 ብር። ብዙ ቦታ አልፈጀም።

እርስ በርስ ሳወዳድራቸው ትልቅ ስህተት ሠራሁ። አንዱ 24 በመቶ መመሳሰል አሳየ። ቸኩዬ ለአንድ ጓደኛዬ "እነዚህም ሌቦች ናቸው" ብዬ ላክሁለት። ማታ ቁራጮቹን ሳነባቸው ሁሉም የሕግ ማስጠንቀቂያ ናቸው። "ይህ ሰነድ የኢንቨስትመንት ምክር አይደለም" ዓይነት። ጠበቆች ሁሉ አንድ ዓይነት ነው የሚጽፉት። የቀረው ከቢትኮይን ወረቀት የተጠቀሰ ነው፣ ምንጩም ከሥሩ ተጽፏል። ለጓደኛዬ ደውዬ ተሳስቻለሁ አልኩት። ሰውን ሌባ ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

ማስተካከያ፦ ከ5 በላይ ሰነዶች ውስጥ የሚገኝ ቁራጭ አይቆጠርም። በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ያለና ምንጭ የተጠቀሰለት አይቆጠርም። 24 የነበረው ወደ 2 ወረደ።

እግረ መንገዴን የተማርኩት፦ መቅዳት ሁሉ ስርቆት አይደለም። ላይትኮይን እ.ኤ.አ. በ2011 ሲወጣ ኮዱን የወሰደው ከቢትኮይን ነው። ግን በግልጽ ተናግሮ ነው። ፈቃዱም ይፈቅዳል። የቀየረውንም ተናግሯል፣ 21 ሚሊዮን የነበረው የኮይን ብዛት ጣሪያ 84 ሚሊዮን፣ በየ10 ደቂቃው ይመዘገብ የነበረው ብሎክ (የግብይት ጥቅል) በየ2 ደቂቃ ተኩል ሆነ። ይሄ "ፎርክ" ነው።

ከዚህ የሚያስቸግረው ትሮን የሚባለው የክሪፕቶ መረብ ጉዳይ ነው። በጃንዋሪ 2018 ዋይት ፔፐሩ ፋይልኮይንና አይፒኤፍኤስ ከሚባሉ ሌሎች ፕሮጀክቶች ወረቀቶች ምንጭ ሳይጠቅስ ቀድቷል ተባለ። መሥራቹ ጀስቲን ሰን ወረቀቱን ከቻይንኛ የተረጎሙት በጎ ፈቃደኞች ናቸው አለ። ትሮን ግን ዛሬም ይሠራል፣ ብዙ ሰው ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር እኩል እንዲሆን የተሠራ ኮይን) የሚልከው በሱ ነው። ስለዚህ የኔ በመቶኛ ፍርድ አይደለም። "እዚህ ጋ ቆም ብለህ ቆፍር" የሚል ምልክት ነው። ፕሮግራሙ ላይ "የተሰረቀ" ይል የነበረውን መልእክት "ይታይ" በሚል ቀየርኩት።

ነገሩ የሰፈራችን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 ዎል ስትሪት ጆርናል 1,450 የኮይን ሽያጮችን መርምሮ 271 ላይ የአደጋ ምልክት አግኝቷል። የተቀዳ ሰነድ፣ የተረጋገጠ ትርፍ የሚል ቃል፣ የሌለ ወይም የሐሰት የሥራ ኃላፊ።

የካቲት 4

የልጁ ወረቀት ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ እንደሆነ ጠርጥሬያለሁ። "በሰንሰለት ላይ ያለ አስተዳደር ኃይል ይሰጥዎታል" የሚል አማርኛ ማን ያወራል? ወረቀቱን በማሽን ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ከ60ው ጋር አወዳደርኩት። 1 በመቶ። ምንም። ሁለት ጊዜ የተተረጎመ ጽሑፍ አምስት ተከታታይ ቃል አንድ ዓይነት ሆኖ አይቀርም።

ሦስት ቀን ተጣብቄ ቆየሁ። ከዚያ ሱቅ ውስጥ የሰው የፈተና ወረቀት ሳባዛ መጣልኝ። ልጅ ሲኮርጅ የሚያስታውቀው መልሱ ነው፣ የእጅ ጽሑፉ አይደለም። ቃል ይተረጎማል፣ ቁጥር ግን አይተረጎምም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሰነድ ቁጥሮቹን ብቻ በቅደም ተከተላቸው አወጣሁ። በመቶኛ፣ የኮይን ብዛት፣ የወራት ቁጥር፣ ሁሉንም። "የቁጥር ዱካ" ብዬዋለሁ።

መጀመሪያ 34 ቁጥሮች ውስጥ 22 ተገጣጠሙ፣ ከአንድ የጨዋታ ኮይን ወረቀት ጋር። ያልገጠሙትን ሳይ 9ኙ ዓመተ ምሕረት ናቸው። ተርጓሚው እንግሊዝኛው ላይ 2021 ያለውን 2013 ብሎ ወደኛ አቆጣጠር ቀይሮታል። 7ና 8 ዓመት ጨምሮ እንዲሞክር አደረግኩት። 34 ውስጥ 31።

የኅዳር ወሩም ሆነ የጥር ወሩ ወረቀት አባት ተገኘ ማለት ነው። ያ ኮይን የልጆች የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ለመገበያየት የታሰበ ነበር። የኛዎቹ "ጨዋታ" የሚለውን "የወርቅ ማዕድን" ብለው ተኩት።

የካቲት 9

ራም ጨመርኩ። ያገለገለ 8 ጊጋ፣ 2,900 ብር። 60ውን ሰነድ ለማወዳደር 50 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው 6 ደቂቃ ሆነ። ቀደም ብዬ ማድረግ ነበረብኝ።

የካቲት 13

የቡድኑን ፎቶዎች አየሁ። ወረቀቱ ላይ አምስት ሰው አለ። በምስል ፍለጋ አንድ በአንድ ሞከርኳቸው። ሁለቱ ፎቶ የሚሸጥበት ድረ ገጽ ላይ ተገኙ። አንደኛው እዚያ "ፈገግ ያለ የቢሮ ሠራተኛ" ነው፣ እዚህ "ዋና የቴክኖሎጂ ኃላፊ"። የመስታወት ምስል ስላደረጉት መጀመሪያ አልተገኘም። መልሼ ስገለብጠው ወጣ።

ሦስቱ የትም የሉም። አጠገብ ለአጠገብ ሳደርጋቸው ግን ዓይኖቻቸው ከፎቶው ጠርዝ እኩል ርቀት ላይ ናቸው። በማስመሪያ ለካሁ። በኮምፒውተር የሚፈጠሩ አንዳንድ የፊት ምስሎች እንዲህ ናቸው፣ ዓይን አንድ ቦታ ላይ ይውላል። የአንዷ የጆሮ ጌጥ ደግሞ ግራና ቀኙ አይመሳሰልም። የውጪዎቹ በዚህ ቀድመውናል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሚሮስኪ የተባለ ፕሮጀክት የሆሊውዱን ተዋናይ ራያን ጎስሊንግን ፎቶ የግራፊክ ዲዛይነራችን ነው ብሎ ለጥፎ ተገኝቷል።

ገጽ 20 ላይ የእንግሊዝ የኩባንያ ምዝገባ ምስክር ወረቀት አለ። እትዬንም ኅዳር ላይ ያሳመናቸው እንዲህ ያለ ምስክር ወረቀት ነው። "ማኅተም አለው እኮ ልጄ" ብለውኛል። እንግሊዝ አገር ኩባንያ ማስመዝገብ በኢንተርኔት እስከ ኤፕሪል 2024 ድረስ 12 ፓውንድ ነበር፣ በሜይ 2024 ወደ 50 ፓውንድ ከፍ አለ። ምዝገባ የሰው ገንዘብ የመሰብሰብ ፈቃድ አይደለም። ፈቃዱን የሚሰጠው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። የመዝገቡን ቁጥር አስገብቼ በነፃ አየሁት። የተመዘገበው ወረቀቱ ከመታተሙ 5 ሳምንት በፊት ነው። ወረቀቱ ግን "ከ2013 ጀምሮ በማገልገል ላይ" ይላል።

ፒዲኤፉ ውስጥ የተደበቀውን መረጃም አወጣሁ። "ፋይል" ከዚያ "ፕሮፐርቲስ" ማለት ብቻ ነው። የተፈጠረበት ቀን ታኅሣሥ ነው። ርዕስ የሚለው ቦታ ላይ የኅዳሩ ኮይን ስም ተቀምጧል። ይሄን ማየት 10 ሰከንድ ነው የሚፈጀው። በመጀመሪያው ቀን ባየው ኖሮ ሁለት ሳምንት ባተረፍኩ።

የካቲት 20

ልጁ ሌላ ወረቀት ላከልኝ። ከነዚያው ሰዎች የስልክ ግሩፕ ያገኘው፣ ሦስተኛ ስም። ማጣሪያው ውስጥ ከተትኩት። የቃል መመሳሰል 0። የቁጥር ዱካ 3 ከ29። ሠንጠረዡ 100 ይደመራል። አማርኛው ያምራል።

ተስፋ ቆረጥኩ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው የጻፈላቸው። አሁን ለእያንዳንዱ ማታለያ አዲስ ወረቀት በደቂቃ ይወጣል። ከወር በላይ የለፋሁበት ነገር ለነሱ ምንም አይደለም።

ሱቁን ዘግቼ እትዬ ጋ ወጣሁ። በጾም ሽሮ አቀረቡልኝ። ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ "እኔን የገረመኝ ሌላ ነው" አሉ። "እቁብ 20 ሰው ከጣለ የሚወጣው የ20 ሰው ብር ነው። አንድ ብር አይጨምርም። እነዚህ በየቀኑ የሚጨምሩትን ከየት ነው የሚያመጡት? ይሄን ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ።"

ወረቀቱን ተውኩት። እሳቸው ያሉት ነው መጠየቅ ያለበት።

ማታ ሒሳቡን ሠራሁ። 10,000 ብር በቀን 1.5 በመቶ፣ ትርፉ እላዩ ላይ እየተደመረ ከሄደ፣ በዓመቱ 2.29 ሚሊዮን ብር ገደማ ይሆናል። በርበሬ ነግዶ፣ ቤት ሠርቶ፣ ወርቅ ቆፍሮ ይሄን በየዓመቱ የሚያመጣ ሰው የለም። ቢትኮኔክት የሚባለው ኮይንም ገንዘብ ላበደረው ሰው በቀን 1 በመቶ ገደማ ይል ነበር። በጃንዋሪ 2018 የቴክሳስና የኖርዝ ካሮላይና ተቆጣጣሪዎች አቁም ካሉት በኋላ ማበደሪያውን ዘጋ፣ ኮይኑም ተንኮታኮተ። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ማታለሉን 2.4 ቢሊዮን ዶላር ብሎታል።

የካቲት 26

የገንዘቡን መንገድ መከተል ጀመርኩ። እትዬ ብር የሰጡት ለልጁ አለቃ ነው፣ እሱ ወደ ዩኤስዲቲ ቀይሮ ላከ። የተላከበትን አድራሻ (እንደ ባንክ ሒሳብ ቁጥር ያለ ነው) ስልካቸው ላይ አገኘነው። በ"ቲ" የሚጀምር፣ 34 ፊደልና ቁጥር። ትሮንስካን በሚባለው፣ የትሮንን ዝውውር በሚያሳይ ድረ ገጽ ላይ ማንም ሰው በነፃ ያየዋል።

ያየሁት ይሄ ነው። ገንዘብ ይገባል፤ ብዙው ትንንሽ ነው፣ 50፣ 100፣ 200 ዶላር። ከገባ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ አንድ ሌላ አድራሻ ይሄዳል። ከዚያው አድራሻ ደግሞ ለድሮ አባላት "ትርፍ" ተብሎ ትንሽ ትንሽ ይከፈላል። ከአዲሱ ሰው ኪስ ወደ አሮጌው ሰው ኪስ። የወርቅ ሽያጭ የሚመስል ነገር አንድም ጊዜ ከውጭ አልገባም። ኅዳር መጨረሻ ላይ የሚገባው ቀነሰ። ታኅሣሥ 9 መክፈል ቆመ።

አንድ ነገር ይያዝልኝ፦ አንድ አድራሻ ብቻ አይቶ መደምደም አይቻልም። ትክክለኛ የክሪፕቶ መገበያያ ድርጅቶችም ገንዘብ ወደ አንድ ቋት ይጠርጋሉ። እኔ ያመንኩት የተከፈለውና የገባው በ3 ሳምንት ውስጥ ቀን በቀን ሲገጥም ነው።

ሦስተኛው ኮይን ቢኤንቢ ቼይን በሚባል ሌላ የክሪፕቶ መረብ ላይ ነው። የውሉን ኮድ (ኮይኑን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም) የዚያ መረብ መመልከቻ በሆነው ቢኤስሲስካን ላይ ከፈትኩ። ኮድ ማንበብ ብዙም አልችልም፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የፈለግኩት ሦስት ነገር ነው። ባለቤቱ እንደፈለገ አዲስ ኮይን ማተም ይችላል ወይ? ይችላል። ሰውን ለይቶ እንዳይሸጥ ማገድ ይችላል ወይ? ይችላል። የሽያጭ ክፍያውን እስከ ስንት ከፍ ማድረግ ይችላል? ጣሪያ የለውም። በሌላ ቃል፣ በሩ ወደ ውስጥ ብቻ ነው የሚከፈተው። የስኩዊድ ጌም ኮይን የገዙ ሰዎች በኖቬምበር 2021 ያጋጠማቸው እንዲህ ያለ ነገር ነው። ዋጋው ከ2,800 ዶላር በላይ ደርሶ በደቂቃዎች ውስጥ ዜሮ ገደማ ሆነ፣ ብዙዎቹ ግን ከዚያ በፊትም መሸጥ አልቻሉም ነበር።

ወረቀቱ አዲስ ነው፣ ኮዱ ግን አይደለም። ቢኤስሲስካን ራሱ ተመሳሳይ ኮድ ያላቸውን ያሳያል። የሦስተኛውና የሁለተኛው ውል አንድ ናቸው፣ ስማቸው ብቻ ተቀይሯል። ጽሑፉን በማሽን አስጻፉ፣ ኮዱን ግን ለመቀየር አልደከሙም።

መጋቢት 3

እትዬ ጠዋት በሩጫ መጡ። መልእክት ደርሷቸዋል። ገንዘባቸው 71,000 ብር ሆኗል፣ ለማውጣት ግን አስቀድመው 15 በመቶ "ታክስ" ይክፈሉ ይላል። 10,650 ብር። ከወንድማቸው ሊበደሩ ነው።

"እትዬ፣ ብሩ እነሱ ጋ ካለ ታክሱን ከዚያው ለምን አይቀንሱም?" አልኳቸው። ቁጭ አሉ። ትንሽ ቆይተው ስልኩን ሰጡኝ፣ "አንተ አጥፋልኝ" ብለው። አላጠፋሁም። ሁሉንም ስክሪን ሾት አድርጌ አተምኩት። ማስረጃ ነው።

ፖሊስ ጋ መሄድ ፈርተዋል። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በጁን 2022 በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ ነው፣ የአገሪቱ መገበያያ ብር ነው ብሎ ማስጠንቀቁን ሰምተዋል። "እኔንም ቢይዙኝስ?" አሉ። አብሬያቸው ሄድኩ። የአድራሻዎቹን ዝርዝር፣ የገጽ 17ን ጥንድ ኮፒ፣ የክፍያ መልእክቶቹን በአንድ ፋይል አድርጌ ይዣለሁ። ቃላቸውን ተቀበሉ። 30,000ው ይመለሳል ብዬ አልነገርኳቸውም።

ማታ ደግሞ ሌላ ሰው በስልካቸው ጻፈላቸው። "የተበላብዎትን አስመልሳለሁ፣ ቅድሚያ 3,000 ብር።" ስማቸውን ከነገንዘቡ መጠን ያውቃል። ከየት አገኘው? እነዚያው ሰዎች ናቸው ወይም ዝርዝሩን ሸጠውለታል። ይሄንንም አትመን ፋይሉ ውስጥ ጨመርነው።

መጋቢት 11

ማጣሪያው አሁን በዚህ ቅደም ተከተል ይሠራል። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚወጣ መጀመሪያ። ከዚያ የውሉ ኮድ፣ ከዚያ የፋይሉ ቀንና የኩባንያው ምዝገባ፣ ከዚያ ፎቶ። የቃልና የቁጥር መመሳሰል መጨረሻ። ስጀምር የተገላቢጦሽ ነበር። እስካሁን የወጣ ወጪ 3,350 ብር፣ ያላተምኩትን ሥራ ሳይጨምር።

በአገራችን ሕግ አክሲዮንም ሆነ እንደዚያ ያለ ሰነድ ለሕዝብ ለመሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 በተቋቋመው የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ማለፍ ያስፈልጋል። ወረቀት ይዞ ለሚመጣ ሁሉ አሁን የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይሄ ነው።

ከሰዓት ልጁ መጣ። ሁለት የእድር ሽማግሌዎች አብረውት አሉ። አንደኛው ከኮታቸው ኪስ አራት ታጥፎ የተቀመጠ ወረቀት አወጡ። "ልጄ፣ ይቺን አንዴ እይልን። ሰኞ ብር ሊሰበሰብ ነው።" ስካነሩን ከፈትኩ። ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ ፊደሉ ጠፍቷል፣ ገጽ 2 ላይ "ጸ" በሙሉ "ጿ" ሆኖ ተነበበ። ይሄ መስተካከል አለበት። እስከ ሰኞ አራት ቀን አለኝ።